ይቅር የተባለው ቫንዲ

ጠበቃ አይደለሁም። ይህን መጀመሪያ የምናገረው ከተማችን ታንጎሁን ውስጥ ሰው ሁሉ «ጠበቃዋ» ስለሚለኝና ማረሙም ስለታከተኝ ነው። ለድሃ በነፃ የሕግ እርዳታ የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ድርጅት አለችን፤ ከገበያው ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ የአንደኛው ክፍል ጣሪያ የሚያፈስ። እዚያ ነው የምሠራው። በየፖሊስ ጣቢያው እዞራለሁ፣ ያለ ክስ የከረመ ሰው ካለ እጨቀጭቃለሁ፣ ለታሳሪው መብቱን በቋንቋው እነግረዋለሁ፣ ምስክር አፈላልጋለሁ። ፍርድ ቤት ስገባ ግን አፌን መክፈት አይፈቀድልኝም። እዚያ የሚናገረው ጠበቃ ሉሴኒ ነው፤ እሱ ደግሞ አንድ ራሱን ለአራት አውራጃ ያካፈለ ሰው ነው። እሱ ሲናገር እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ምላሴን እነክሳለሁ። እንደኔ ነገር ለማያሳልፍ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የምናውቀው እኔና ምላሴ ነን።

ቫንዲን ያገኘሁት ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ጣቢያው ውስጥ ነው። የሞተር ታክሲ ነጂ ነው፤ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ረጅም ልጅ። የለበሰው ሸሚዝ ላይ ደም ደርቆ ነበር፤ የሚቀይረው ስላላመጡለት አላወለቀውም።

ታሪኩ አጭር ነው። መገንጠያው ላይ አንድ ቀይ ሞተር እየበረረ መጥቶ የልብስ ሰፊውን የፓ ሞሞን ልጅ ጃቱን ገጫትና ወደ ድልድዩ ሸሸ። ቫንዲ ከኋላ ይመጣ ነበር። ቆመ፤ ልጅቷን አንስቶ ሞተሩ ላይ እፊቱ አስቀመጣት፤ እያከነፈ ሆስፒታል አደረሳት። ጃቱ እዚያ ስትደርስ ሞተች። ፖሊስ መጥቶ «ማነው ያመጣት?» ሲል «እኔ» አለ። በቃ። ያንን «እኔ» እንዳለ ይዘውት ሄዱ።

«ምነው እንደሌሎቹ ጥለህ አታልፍም ነበር?» አልኩት። ክፋት አልነበረም፤ ንዴት ነበር። አንድ ደግ ሰው በደግነቱ ሲታሰር ሳይ መጀመሪያ የምናደደው በራሱ በደጉ ሰውዬ ነው።

«እህቴ ያታ፣ ልጅቷ እኮ እጄን ይዛኝ ነበር» አለኝ። «ሞተሩን በአንድ እጄ ነው የነዳሁት። አልለቅም አለችኝ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ማለፍ አንስቼበት አላውቅም።

ከሳሹ ፖሊስ የያዘው ማስረጃ የሸሚዙን ደም ብቻ ነበር። የቫንዲ ሞተር ላይ ጭረት እንኳ የለም። እኛ የሚያስፈልገን ቀዩን ሞተር ያየ አንድ ሰው ነው። መገንጠያው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ጄቤህ ናት፤ አካራ፣ የባቄላ ሊጥ ኳስ፣ በዘይት እየጠበሰች የምትሸጥ፣ የአካራዋ ዘይት ሲቆጣ እሷም አብራ የምትቆጣ ሴት።

«አንቺ የፍርድ ቤት ሰው፣ ካልገዛሽ ከጥላዬ ውጪልኝ» አለችኝ የመጀመሪያው ቀን።

«ገዝቼ ከበላሁ በኋላስ?»

«ያኔ ደግሞ ወፍረሻልና ጥላዬ ጭራሽ አይበቃሽም።»

ስንት ጊዜ ተመላልሼ፣ ስንት ትኩስ አካራ አፌን አቃጥሎኝ፣ በመጨረሻ ተናገረች። ቀዩን ሞተር በዓይኗ አይታዋለች። ነጂው ጥቁር ኮፍያ አድርጎ ነበር። ቫንዲ ከኋላ ደርሶ ሲወርድና ልጅቷን ሲያነሳ አይታለች። ፍርድ ቤት መጥታ ትናገር እንደሆነ ጠየቅኳት፤ «ምን ያስፈራኛል፣ ዳኛ አካራ አይበላም እንዴ?» አለች። ያን ቀን ወደ ቢሮ የተመለስኩት እየዘፈንኩ ነው ብል አልዋሸሁም።

ግን ቀጠሮው አልሆነ አለ። አንዴ ዳኛው አልመጣም፤ አንዴ የፖሊስ መዝገብ ጠፋ ተባለ፤ አንዴ መንገዱ ተቆረጠ። ክረምቱ ገባና እስር ቤቱን ረግረግ አደረገው። ቫንዲ ከሳ፤ እከክ ወረረው። እናቱ ማማ ቴኔ ሩዝ በካሳቫ ቅጠልና በዓሣ ወጥ ሠርተው፣ በሳህን አስረው፣ በዚያ ጭቃ እየተንሸራተቱ ይሄዱለት ነበር። ጠባቂዎቹ ከላዩ ዓሣውን አንስተው በልተው ቅጠሉን ነው የሚሰጡት። ይህን ማማ ቴኔ ያውቃሉ። እና ዓሣ ማድረጉን አልተዉም። «ቢያንስ ሽታው ይደርሰዋል» ይሉኛል።

በመጨረሻ ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ተያዘ። ጠበቃ ሉሴኒም አለ፣ ጄቤህም አለች። እኔ ለራሴ ቫንዲ ከክረምቱ ማብቂያ በፊት ቤቱ ይገባል ብያለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ለራሴም ቢሆን ብዙ አልናገርም።

በዚያው ሳምንት ማማ ቴኔ ቢሮ መጡ። ነጭ ሻሽ አስረዋል። ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«ልጄ ያታ፣ ጨረስኩት» አሉኝ፣ ሳይቀመጡ።

«ምኑን ማማ?»

«የፓ ሞሞን ነገር። የሰፈሩን አለቃና ሁለት ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ሄጄ፣ የእርቅ የኮላ ፍሬ በቅጠል ጠቅልዬ፣ እግራቸውን ያዝኩ። ማሩልኝ አልኩ። ተቀበሉኝ ልጄ። ኮላውን ገምሰው አብረውን በሉ። አብረን አለቀስን። በቃ፣ አለቀ።»

ሳላስበው ድምፄ ከፍ አለ።

«ማማ! ምነው ሳይነግሩኝ? ልጁ እኮ አልገጫትም! ለምን ጥፋት ነው ማሩኝ ያሉት?»

ደግሜ እንዳልጮህባቸው የሚያደርግ አስተያየት አዩኝ።

«ሰው ልጁ ሞታበት በደጁ አልፋለሁ? የሬሳውን ደም የያዘው የኔ ልጅ ሸሚዝ ነው። ልጄ ነው በመጨረሻ የያዛት። ታዲያ ማን ሄዶ እግር ይያዝ፣ ያ የሸሸው? ወይስ ለማዘን ከቢሮሽ ፈቃድ ልጠይቅ?»

እኔም እዚህ ነው የተወለድኩት። አንድ ቤት ሐዘን ሲገባ ያንተ ሰው በአጠገቡ ከነበረ፣ ጥፋት ይኑር አይኑር፣ ሽማግሌ ይዘህ ሄደህ እግር ትይዛለህ። ያዘነው ልቡ እንዲበርድ ነው እንጂ አጠፋሁ ማለት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ታንጎሁን ውስጥ የለም። እናቴም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር። ችግሩ የፍርድ ቤቱ ሕግ ታንጎሁን አለመወለዱ ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ እሱ ደግሞ ወዲያው ነው የመጣብኝ። ኮላ ከተበላ በኋላ ነገሩ አይነሳም። ያነሳ ሰው የተኛ ሐዘን ቀሰቀሰ ይባላል፤ ሽማግሌዎቹንም ሰደበ ይባላል። ወደ መገንጠያው ሮጥኩ።

ጄቤህ አካራዋን እየገለበጠች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ደስ ይላል። አለቀ አይደል?»

«ጄቤህ፣ አላለቀም። ፍርድ ቤቱ አለ።»

«ሰዎቹ ኮላ በልተው ታርቀዋል። እኔ አሁን ተነስቼ፣ ልጅቷ እንዴት እንደተገጨች፣ ወዴት እንደወደቀች፣ በአባቷ ፊት ላውራ? ነገ ፓ ሞሞ በዚህ ሲያልፉ በምን ዓይኔ ላያቸው?»

«ቫንዲ እኮ ይታሰራል!»

«ይቅር ያሉትን ሰው ማን ያስረዋል? አንቺ ደግሞ! ሥራሽ እንዳይጠፋብሽ ነው እንዴ የምትለማመጪኝ?»

ተሳደብኩ። መሳደብ አልነበረብኝም፣ ግን ተሳደብኩ። እሷም መለሰችልኝ፤ ጥሩ አድርጋ መለሰችልኝ። ምስክርነት ግን አልሰጥም አለች።

ለጠበቃ ሉሴኒ ደወልኩ። ሲሰማ «አይ የኛ ሰው» ብሎ ተነፈሰ። «ዋናው ነገር» አለኝ፣ «እኔ ሳልኖር ምንም እንዳይጀመር። መጥቼ ቀጠሮ አስለውጣለሁ። ልጁን ንገሪው፤ ‹ጠበቃዬ ይምጣ› ከማለት ሌላ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ።»

እስር ቤት ሄጄ ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ስጨርስ ግን የጠየቀኝ ስለ ፍርድ ቤቱ አልነበረም።

«ፓ ሞሞ በእውነት ኮላውን በሉ?»

«በሉ።»

ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ልጅቷ በሞተች ጊዜ አባቷ ሆስፒታል ደርሰው ነበር፤ ቫንዲን በዚያ በደሙ ሸሚዝ ቆሞ አይተውት ነበር። ያ አስተያየታቸው ከዚያ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶት እንደነበር ነገረኝ። «ዛሬ እተኛለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ «ጠበቃዬ ይምጣ በል፣ ሌላ አትበል» እያልኩ እንደ በቀቀን እደግምለታለሁ።

የቀጠሮው ቀን ወንዙ ሞላ። በገመድ የሚሳበው ጀልባ ወዲያ ማዶ ቆመ፤ ገመዱ ተበጥሷል። ጠበቃ ሉሴኒ ከማዶ ሆኖ ይደውልልኛል፤ ከጀርባው የውሃው ድምፅ ይሰማኛል።

«ለዳኛው አስነግሪ፣ ቀጠሮ ይለወጥ» ይለኛል።

ለጽሕፈት ቤቱ ሰው ነገርኩት፤ እሱም ሄዶ ለዳኛው ነገረ። ከአግዳሚው ላይ ማማ ቴኔ ጎን ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዳኛው ሰውዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የደከመው፣ መዝገብ የተከመረበት ሰው ነው።

«ጠበቃህ አልመጣም» አለ ለቫንዲ፣ በእንግሊዝኛ፤ አስተርጓሚው ወደ ቋንቋችን መለሰው። «ቀጠሮ ይለወጥልህ ወይስ ዛሬ ይታይ?»

ቫንዲ ወደ እኔ አየ። እኔም በዓይኔም፣ በራሴም፣ በትከሻዬም «ይለወጥ በል» አልኩት። አፉን ከፈተ።

በዚህ መሃል ፓ ሞሞ ከኋላ ተነሱ። የሐዘን ልብሳቸውን አውልቀው ንጹሕ ረጅም ቀሚስ ለብሰዋል፤ ራሳቸው የሰፉት ነው።

«ጌታዬ፣ የልጅቷ አባት ነኝ» አሉ። «አንድ ቃል ፍቀዱልኝ። እኔ ከዚህ ልጅ ጋር ምንም የለኝም። እናቱ መጥታ እግሬን ይዛለች፤ ኮላዋንም ተቀብያለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ። ወደ ቤቱ ይሂድ።»

አዳራሹ ውስጥ ያሉ ሴቶች ሁሉ «እሰይ፣ አምላክ ይስጥዎ» አሉ። ማማ ቴኔ እጄን ጨብጠው ያዙ። ከሳሹ ፖሊስ እስከዚያ ድረስ ተስፋ ቆርጦ ጥፍሩን ሲያይ የነበረ ሰው ነው፤ ቀና አለ።

«ለምኑ ነው ይቅር ያሉት አባት?»

«ለልጄ ሞት።»

«ማንን?»

«ይኸው፣ ቫንዲን።»

ተነሳሁ። ምን እንዳነሳኝ አላውቅም፤ እግሬ ነው የተነሳው። «ጌታዬ፣ እግር መያዝ ማለት እኮ እዚህ…» አልኩ።

ዳኛው በመነጽሩ ላይ አየኝ። «ጠበቃ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ቫንዲ ከተከሳሽ ሳጥኑ የወጣው። ማንም አልጠራውም፤ ፖሊሱም ለመያዝ አልደረሰበትም። ሰው በአደባባይ ይቅር ሲልህ አንተ ቆመህ አታይም፤ ይህን ያስተማሩን መራመድ ሳንችል ነው። ሄዶ ጭቃ በነካው ወለል ላይ ተንበረከከና የፓ ሞሞን እግር በሁለት እጁ ያዘ። ግንባሩን ጫማቸው ላይ አደረገ። ፓ ሞሞ ጎንበስ ብለው ራሱን ዳሰሱት። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ የኔ ግን ሌላ ነበር።

ዳኛው የሰማውን ጽፎ ሲጨርስ ቫንዲን ወደ ሳጥኑ አስመለሰው፤ የቀጠሮውን ነገር ማንም አላነሳውም።

«መጀመሪያ ቀርበህ ጥፋተኛ አይደለሁም ብለህ ነበር። አሁንስ?»

ቫንዲ ወደ ፓ ሞሞ ዞሮ አየ። የሰውዬውን እግር ይዞ ግንባሩ ላይ የጫማቸው ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ «አይ፣ እኔ ምንም አላደረግኩም» እንዴት ይበል? እናቱ የበሉትን ኮላ ውሸት ያደርገዋል። ሽማግሌዎቹን ያዋርዳል። አልቻለም። አየሁት፤ አፉ ሞክሮ አልቻለም።

«ፓ ሞሞ ይቅር ብለውኛል» አለ።

«የጠየቅኩህን መልስ።»

«ይቅር ብለውኛል ጌታዬ። ነገሩ ዛሬ ይለቅ።»

ዳኛው ሌላም ጊዜ ጠየቀው። ልጁም ያንኑ መለሰ። ከዚያ ዳኛው በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር አነበበ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የያዝኩት መጨረሻውን ነው፤ ሰባት ዓመት ሊፈርድበት ይገባ እንደነበር፣ ነገር ግን ጥፋቱን ስላመነና የሟች አባት ይቅር ስላሉት ወደ አምስት ዝቅ እንዳደረገለት። ሲፈርድ ፊቱ ላይ ቅንነት ነበር። የቀነሰለት መስሎታል፤ ቀንሶለትማል።

አስተርጓሚው ገና ሳይጨርስ አዳራሹ ጫጫታ ሆኖ ስለነበር ማማ ቴኔ አልሰሙም። ሰው እየጨበጡ ነበር። ቫንዲን በጓሮ በር አውጥተው መኪና ላይ ሲያወጡት፣ «ለመፈረም ነው አይደል?» አሉኝ። «ነው» አልኳቸው። እዚያ መሃል ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ተያይዘው ቢሮ መጡ። ማማ ቴኔና ፓ ሞሞ። ታርቀዋልና አሁን ዘመድ ናቸው፤ በአንድ ጃንጥላ ነው የመጡት። ጣሪያው እያፈሰሰ ስለነበር ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ጠጋ አደረግኩላቸው።

«ልጄ ያታ፣ እስር ቤት ሄጄ አልፈታንም አሉኝ» አሉ ማማ ቴኔ። «ምን የቀረ ነገር አለ? ማን ዘንድ ልሂድ?»

ነገርኳቸው። ምንም ሳልደብቅ፣ ከስር እስከ ላይ ነገርኳቸው። ለነዚህ ሰዎች ያልነገርኳቸውን ነገር ሌላ ሰው አጣሞ ይነግራቸዋል፤ ሥራዬ ይህ ነው። ማማ ቴኔ መጨረሻው ላይ ስደርስ ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ሳቡና አፋቸው ላይ ያዙት።

ፓ ሞሞ ግን ተቆጡ።

«ይቅር ብያለሁ አላልኩም እንዴ? አደባባይ ቆሜ! ማነው እሱን ያሰረው?»

«እርስዎ ነዎት ፓ» አልኳቸው። ለስለስ ማለት ነበረብኝ፤ አቃተኝ። «ይቅር ማለትዎ ነው ያሳሰረው። ዳኛው ጥፋት ከሌለ ይቅርታ ምን ያደርጋል ብሎ ነው።»

ከጣሪያው የሚያፈሰው ውሃ ከሥሩ ባስቀመጥኩት ሳህን ላይ ይንጠባጠባል።

«አልገጫትም እኮ» አሉ ፓ ሞሞ ቀስ ብለው። «አውቃለሁ። ነርሷ ነግራኛለች። ጃቱ እጁን ይዛ ነው የገባችው።»

ራሴን ያዝኩ። «ካወቁ ታዲያ ምኑን ነው ይቅር ያሉት?»

«እናቱ እግሬ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ምን ልበላት ልጄ? ያጠፋሽው የለም፣ ተነሽ ብዬ ኮላዋን ልመልስባት? እሷም አዝና፣ እኔም አዝኜ! ይቅር ከማለት ሌላ በአፌ ምን ቃል ነበረኝ?»

ከዚያ ብድግ አሉ። ዓይናቸው ውስጥ የማላውቀው ነገር ገባ።

«እንግዲያው ይቅርታዬን መልሼ እወስደዋለሁ። ነይ፣ ውሰጂኝ ዳኛው ጋ። አልማርኩትም እላለሁ። ጠላቴ ነው፣ እናቱንም ከደጄ አባርሬያታለሁ እላለሁ። ያኔ ይለቁታል? ንገሪኝ፣ ያኔ ይለቁታል?»

«አይለቁትም ፓ። አንዴ ተጽፏል። ጠበቃ ሉሴኒ ይግባኝ ይላል፤ እሱም ወራት ይፈጃል። ተስፋውም…» ተስፋውን መጨረስ አልቻልኩም። ሁለተኛ ውሸት አልናገርም፤ እውነቱም አልወጣ አለኝ።

«ይሁን፣ እኔ ግን እላለሁ» አሉ። «ጮኼ እላለሁ። በየመንገዱ እላለሁ።»

ማማ ቴኔ ያኔ ነው ከወንበራቸው የወረዱት። ወለሉ ላይ፣ ውሃው መሃል። የሰውዬውን ቀሚስ ጫፍ ያዙ።

«አይውሰዱበት ፓ ሞሞ» አሉ። «እባክዎን አይውሰዱበት። ያንን ከወሰዱበት እዚያ ውስጥ ምን ይዞ ይተኛል?»